ሁለት ዓይን፣ ሁለት ሥዕል
ጥልቀት ስለሚያሳዩ ስክሪኖችና ስለ ፈሳሽ ክሪስታል የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

ባለ ሦስት አውታር ሥዕል የሚያሳይ ሲኒማ ወይም ስክሪን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው «ሥዕሉ ከስክሪኑ ወጥቶ ፊትህ ድረስ ይመጣል» የሚል ወሬ ነው። ወሬው ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ያለ ሥዕል እንዴት ብሎ ነው ወደ ፊት የሚወጣው?» ብሎ ቢጠይቀን ወሬው መልስ አይሆነንም። «ቴክኖሎጂ ነው» ብሎ ማለፍም ማስተማር አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ሦስት ነገሮችን በየተራ እንመለከታለን። አንደኛ፣ ጥልቀት ለሰው የሚታየው እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ ፈሳሽ ክሪስታል የሚባለው ነገር ምንድን ነው፤ በእነዚህ ስክሪኖች ውስጥስ ምን ይሠራል? ሦስተኛ፣ ስክሪኖቹ የሚያስከፍሉን ዋጋ ምንድን ነው፤ ጥልቀቱ የማይታየው ልጅ በክፍላችን ውስጥ ቢኖርስ ምን እናደርጋለን?

ከመጀመራችን በፊት አንድ ሐሳብ እንያዝ። ጥልቀቱ ያለው በስክሪኑ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ነው። የስክሪኑ ሥራ ለቀኝ ዓይን የቀኙን፣ ለግራ ዓይን የግራውን ሥዕል ሳያቀላቅል ማድረስ ነው። ከዚህ በታች የምናያቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይህንኑ አንድ ሥራ በተለያየ መንገድ የሚሠሩ ናቸው።

1. ጥልቀት የሚታየን እንዴት ነው?

እስቲ አንድ ቀላል ሙከራ እናድርግ። ክዳን ያለው እስክሪብቶ እንውሰድ። እስክሪብቶውን በአንድ እጅ፣ ክዳኑን በሌላው እጅ ይዘን ሁለቱንም ክንዶቻችንን ወደ ፊት እንዘርጋ። አሁን አንድ ዓይናችንን ጨፍነን ክዳኑን ከጎን በኩል አምጥተን በአንድ ጊዜ ለመግጠም እንሞክር። ብዙዎቻችን እንስተዋለን፤ ክዳኑ ከእስክሪብቶው ጫፍ ወዲህ ወይም ወዲያ ያልፋል። ሁለቱንም ዓይን ከፍተን ስንሞክር ግን በቀላሉ ይገጥማል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የአዋቂ ሰው ሁለት ዓይኖች ከ6 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በዚህም የተነሣ አንዱ ዓይን የሚያየው ሥዕል ሌላው ከሚያየው በመጠኑ ይለያል። አውራ ጣታችንን ከፊታችን አቁመን ቀኝና ግራ ዓይናችንን በየተራ ብንጨፍን ጣታችን ከበስተጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ሲዘል እናያለን። ጣታችንን ባቀረብነው መጠን ዝላዩ ይበዛል፤ ባራቅነው መጠን ያንሳል። አእምሮአችን ይህን ልዩነት ተቀብሎ ወደ ርቀት ይተረጉመዋል።

እርግጥ ነው፣ በአንድ ዓይንም ቢሆን ርቀትን የምናውቅባቸው ሌሎች ምልክቶች አሉ። የቀረበው ባሕር ዛፍ የራቀውን ጎጆ ይጋርዳል። ቀጥ ያለ መንገድ ሲርቅ ሁለቱ ጠርዞቹ የሚገናኙ ይመስላሉ። የሩቅ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በአውቶቡስ ስንሄድ የመንገድ ዳር ምሰሶዎች ይሮጣሉ፤ ተራራው ግን ከእኛ ጋር የሚጓዝ ይመስላል። ስለዚህ በአንድ ዓይን ለሚያይ ሰው ዓለም ጠፍጣፋ ናት ማለት አይደለም። ይህን ነጥብ ልብ እንበለው፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ሠዓሊ ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹን በሸራው ላይ ሊያሠፍር ይችላል። የሁለቱን ዓይን ልዩነት ግን በአንድ ሸራ ላይ ሊያሠፍር አይችልም። ለምን? ሁለቱም ዓይኖች የሚያዩት ያንኑ ሸራ ስለሆነ ነው።

ይህን ያስተዋለውና በሙከራ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ስቴሬዮስኮፕ የተባለ መሣሪያ አሳየ። አንድን ቅርጽ ሁለት ጊዜ በመሥመር ሣለው፤ አንዱን ግራ ዓይን እንደሚያየው፣ ሌላውን ቀኝ ዓይን እንደሚያየው አድርጎ ማለት ነው። ከዚያም በሁለት መስተዋቶች አማካይነት እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ሥዕል ብቻ እንዲያይ አደረገ። ተመልካቹ ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎች ማየቱ ቀርቶ አንድ ጥልቀት ያለው ቅርጽ ታየው። ሥዕሎቹ ጥላም ቀለምም ያልነበራቸው ተራ መሥመሮች ስለነበሩ፣ ጥልቀቱ የመጣው ከሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት ብቻ መሆኑ ታወቀ።

የዊትስቶን መሣሪያ ግን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁለቱን ሥዕሎች በአንድ ስክሪን ላይ አድርገን እንዴት ለየዓይናቸው እንለያቸዋለን? በ1853 የተገለጸው የቀለም መነጽር አንዱ መልስ ነበር። አንዱ ሥዕል በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ ይቀርባል፤ መነጽሩም አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ መስተዋት አለው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሥዕሉን የተፈጥሮ ቀለም ያበላሻል። ቀለሙን ሳያበላሹ ለመለየት ብርሃንን በሌላ መንገድ መምራት አስፈለገ። ፈሳሽ ክሪስታል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

2. ፈሳሽ ክሪስታል ምንድን ነው?

በክፍል ውስጥ ቁስ አካል በሦስት ሁኔታ ይገኛል ብለን እናስተምራለን፦ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ። እ.ኤ.አ. በ1888 ፕራግ ከተማ ይሠራ የነበረው ኦስትርያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪኽ ራይኒትሰር ግን ከዚህ ክፍፍል ጋር የማይሄድ ነገር ገጠመው። ኮሌስቴሪል ቤንዞኤት የሚባለውን ውሁድ ሲያሞቅ በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ የደፈረሰ ፈሳሽ ሆነ። ማሞቁን ሲቀጥል በ178.5 ዲግሪ ድፍርሱ ጠፍቶ ጥርት አለ። አንድ ነገር ሁለት የመቅለጫ ነጥብ ያለው መሰለ። ራይኒትሰር ጉዳዩን ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት። ሌማን በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው ድፍርሱ ነገር እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፤ ለብርሃን ያለው ጠባይ ግን የክሪስታል ነው። ፈሳሽ ክሪስታል የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው።

ይህን ለተማሪ እንዴት እናስረዳ? ከትምህርት ቤት ግቢ ሳንርቅ ምሳሌ እናገኛለን። ጠዋት ለባንዲራ በሰልፍ የቆሙ ተማሪዎች ቦታቸውም የተወሰነ ነው፣ ፊታቸውም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ይህ የጠጣር ክሪስታል ምሳሌ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ የሚራወጡት ልጆች ቦታም አቅጣጫም የላቸውም፤ ይህ የተራ ፈሳሽ ምሳሌ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ የሚወርደውን ሕዝብ ደግሞ እናስብ። ሁሉም ፊቱን ወደ ገበያው አዙሯል፤ ነገር ግን ማንም ቦታ አልያዘም፣ አንዱ አንዱን እየቀደመ ይሄዳል። አቅጣጫ አለ፣ ቋሚ ቦታ የለም። ፈሳሽ ክሪስታል ማለት ይኸው ነው። ሞለኪውሎቹ እንደ ክብሪት እንጨት ረዘም ያሉ ሲሆኑ፣ እየፈሰሱም ቢሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው ይሄዳሉ።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት ስለ ብርሃን አንድ ነገር እናስታውስ። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ንዝረቱም ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። ከፀሐይ ወይም ከአምፑል የሚመጣ ብርሃን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንና በስያፍም ይነዝራል። ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብቻ ያሳልፋል። ገመድ በቋሚ የአጥር እንጨቶች መካከል አሳልፈን ብንወዘውዝ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ሞገድ ያልፋል፤ ወደ ጎን የሚሄደው ይታገዳል። እንደዚያ ነው። ሁለት ፖላራይዘሮችን አንዱን በቁም፣ ሌላውን በአግድም ደራርበን ብንይዝ ብርሃን አያልፍም፤ ጨለማ ይሆናል።

አሁን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ክሪስታል እናስገባ። ሁለት መስተዋቶች በጥቂት ማይክሮ ሜትር ክፍተት ይገጠማሉ፤ መካከላቸው በፈሳሽ ክሪስታል ይሞላል። የላይኛው መስተዋት ሞለኪውሎቹን በቁም፣ የታችኛው በአግድም እንዲተኙ ስለሚያስገድድ፣ በመካከል ያሉት እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ቀስ በቀስ ይዞራሉ፤ ሩብ ዙር ይሆናል። በውስጣቸው የሚያልፈው ብርሃንም የንዝረት አቅጣጫውን አብሮ በ90 ዲግሪ ያዞራል፤ በሁለተኛው ፖላራይዘርም ያልፋል። ጥቂት ቮልት ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ግን ሞለኪውሎቹ ጠመዝማዛውን ትተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ብርሃኑ የሚያዞረው ያጣል፤ ሁለተኛው ፖላራይዘር ያግደዋል፤ ጨለማ ይሆናል። እንግዲህ ይህ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ የብርሃን በር ነው። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫው የሚለዋወጥ መሆን አለበት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሄድ ፈሳሽ ክሪስታሉን ያበላሸዋል።

ይህን ጠመዝማዛ በር ማርቲን ሻት እና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪኽ ስዊትዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ በ1970 ሠሩት። ችግሩ በዚያን ጊዜ የነበሩት ፈሳሽ ክሪስታሎች በተራ የክፍል ሙቀት የማይጸኑ መሆናቸው ነበር። በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርስቲ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሚጸኑ ውሁዶች ካዘጋጁ በኋላ ነው የእጅ ሰዓቱም፣ የሒሳብ ማሽኑም፣ ኋላም ቴሌቪዥኑና የእጅ ስልኩ በዚህ በር ሊሠሩ የቻሉት።

ለክፍል ሙከራ፦ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ካገኘን በአንድ ዓይን እያየን የሒሳብ ማሽኑን ቀስ ብለን እናሽከርክረው። በአንድ ማዕዘን ላይ መስኮቱ ይጨልማል። ከመስኮቱ የሚወጣው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚነዝር ማስረጃው ይኼ ነው። መነጽሩ ፖላራይዝድ ካልሆነ ምንም ለውጥ አይታይም።

3. በመነጽር የሚለዩ

የመጀመሪያው መንገድ በሲኒማ ቤት የምናገኘው ነው። የግራው ሥዕል በአንድ ዓይነት ንዝረት፣ የቀኙ በሌላ ዓይነት ንዝረት ወደ ስክሪኑ ይላካል። የተመልካቹ መነጽር ከሁለት የተለያዩ ፖላራይዘሮች የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ብቻ ይቀበላል። መነጽሩ ባትሪ የለውም፤ ርካሽም ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ተራ ነጭ ጨርቅ ከሆነ ንዝረቱን ስለሚያደባልቅ፣ የብርን መልክ በያዘ ቀለም የተቀባ መሆን አለበት።

ሪያልዲ በተባለው የሲኒማ ዘዴ በፕሮጀክተሩ ፊት የፈሳሽ ክሪስታል በር ይደረጋል። በሩ በሴኮንድ 144 ጊዜ እየተለዋወጠ አንዴ ለግራ፣ አንዴ ለቀኝ የሚሆነውን ንዝረት ይሰጣል። ንዝረቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ዙሪያ የሚሽከረከር በመሆኑ ተመልካቹ ራሱን ወደ ጎን ቢያዘነብልም ሁለቱ ሥዕሎች አይቀላቀሉም። በ2009 የወጣው «አቫታር» የተሰኘው ፊልም ባለ ሦስት አውታር ሲኒማን በዓለም ሲያሰራጭ ይህ ዘዴ በብዙ አዳራሾች ይሠራበት ነበር።

ሁለተኛው መንገድ በሩን ከፕሮጀክተሩ አውጥቶ በመነጽሩ ላይ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ የመነጽር መስተዋት አንድ የፈሳሽ ክሪስታል በር ነው። ስክሪኑ የግራውንና የቀኙን ሥዕል በየተራ በሴኮንድ 120 ጊዜ ያሳያል። የግራው ሥዕል ሲታይ የቀኙ በር ይዘጋል፤ የቀኙ ሲታይ የግራው ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ 1/120 ሴኮንድ፣ ማለትም 8.3 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። በሩ በዚህች ጊዜ ውስጥ ፈጥኖ ካልተዘጋ የአንዱ ዓይን ሥዕል ወደ ሌላው ሾልኮ ይገባል፤ በዕቃው ጎንም ደብዛዛ ጥላ ይታያል።

የብርሃኑን ሒሳብ ብንሠራስ? ብርሃኑ ፖላራይዝድ ካልሆነ ማጣሪያው ቢበዛ ግማሹን ያሳልፋል። በሩ ደግሞ ክፍት የሚሆነው በግማሹ ጊዜ ብቻ ነው። ½ በ½ ሲባዛ ¼ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ከሩብ አይበልጥም ማለት ነው። ባለ ሦስት አውታር ፊልም የጨለመ የሚመስለን በከንቱ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ቴሌቪዥኖች ከ2010 ጀምሮ በብዛት ለገበያ ቀርበው ነበር። ነገር ግን ሰው በቤቱ ተቀምጦ መነጽር ማድረግ አልወደደም፤ የሚታየውም ፊልም ጥቂት ነበር። ሳምሰንግ በ2016፣ ኤልጂና ሶኒ በ2017 መሥራት አቆሙ።

4. ያለ መነጽር የሚለዩ

መነጽሩን ከሰው ፊት አንሥተን በስክሪኑ ላይ ብናደርገውስ? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አይቭስ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ሥዕሉን ወደ ቀጫጭን ቋሚ ረድፎች ከፋፍሎ፣ አንዱን የግራ፣ ቀጣዩን የቀኝ እያደረገ አሰናሰላቸው። ከፊታቸውም ቀጫጭን ስንጥቆች ያሉት ግርዶሽ አቆመ። በስንጥቁ ውስጥ ሲያይ ግራ ዓይን የግራ ረድፎችን፣ ቀኝ ዓይን የቀኝ ረድፎችን ብቻ ያገኛል።

ይህ ለሒሳብ መምህራን ጥሩ የምስስል ጎነ ሦስቶች መልመጃ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሣለው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚነሡ መሥመሮች በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ተላልፈው ከኋላው ባሉ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ የሁለቱ ነጥቦች ርቀት ከግርዶሹ እስከ ነጥቦቹ ላለው ክፍተት ሲካፈል፣ የሁለቱ ዓይኖች ርቀት ከግርዶሹ እስከ ዓይን ላለው ርቀት ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። የነጥቦቹ ርቀት 0.1 ሚ.ሜ.፣ የዓይኖቹ 65 ሚ.ሜ.፣ የመመልከቻው ርቀት 350 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ ክፍተቱ 0.1 × 350 ÷ 65፣ ማለትም 0.54 ሚ.ሜ. ያህል ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው ተመልካቹ ከተወሰነለት ቦታ ርቆ ወይም ቀርቦ ቢቀመጥ ሥዕሉ እንደሚበላሽ ነው። ልኩ የተሠራው ለአንድ ርቀት ነውና።

ፈሳሽ ክሪስታል እዚህም አዲስ ነገር አመጣ። ግርዶሹ ራሱ ከፈሳሽ ክሪስታል ከተሠራ በኤሌክትሪክ ሊመጣና ሊጠፋ ይችላል። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው ኒንቴንዶ 3ዲኤስ የተባለው የእጅ መጫወቻ እንዲህ ነበር። የላይኛው መስኮቱ በአግድም 800 ነጥቦች ነበሩት፤ ጥልቀት ሲያሳይ ግን ለእያንዳንዱ ዓይን የሚደርሰው 400 ብቻ ነበር። ግርዶሹ ሲጠፋ እንደ ማንኛውም ጠፍጣፋ ስክሪን ይሆናል።

ግርዶሽ ግን ብርሃንን ያግዳል። በምትኩ ልክ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን ሌንሶች በስክሪኑ ላይ ቢለጠፉ፣ እያንዳንዱ ሌንስ ከሥሩ ያሉትን ረድፎች ወደየአቅጣጫቸው ይልካቸዋል፤ ብርሃኑም አይባክንም። ፈሳሽ ክሪስታልም ሌንስ ሊሆን ይችላል። ለምን ቢሉ፣ ብርሃን የሚሰበርበት መጠን በሞለኪውሎቹ አቀማመጥ ይወሰናል፤ የስብረት መለኪያው በአንዱ አቅጣጫ 1.5፣ በሌላው 1.7 ያህል ነው። ኤሌክትሪኩን በዳርና በመካከል አበላልጠን ብንሰጥ፣ ጠፍጣፋ የሆነው ንጣፍ እንደ ጎባጣ ሌንስ ብርሃንን ይሰበስባል። ጃፓናዊው ሱሱሙ ሳቶ የፈሳሽ ክሪስታል ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1979 አቅርቧል። በጠፍጣፋው ንጣፍ ላይ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሌንሱም ይጠፋል።

ለክፍል ሙከራ፦ በማኒላ ወረቀት ላይ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ሥዕሎች ይሣሉ፤ አንዱ ጎጆ፣ ሌላው ዛፍ ይሁን። ሁለቱንም ባለ 2 ሴንቲ ሜትር ቋሚ ቁራጮች አድርገን እንቁረጣቸው። ከዚያ የጎጆውን አንድ፣ የዛፉን አንድ እያፈራረቅን በቅደም ተከተል በሌላ ወረቀት ላይ እንለጥፍ፤ በየመገናኛውም ወዲያና ወዲህ እንጠፈው። ከግራ ያለ ተማሪ ጎጆ፣ ከቀኝ ያለ ተማሪ ዛፍ ያያል። አንድ ወረቀት ለሁለት አቅጣጫ ሁለት ሥዕል ሰጠ ማለት ነው። የተማሪዎቹን ቦታ በሁለት ዓይኖች ብንተካው ያለ መነጽር የሚታየው ስክሪን ይሆናል።

5. ዓይን ለምን ይደክማል?

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ተመልካቹ ከስክሪኑ 2 ሜትር ርቆ ተቀምጧል እንበል። አንድ ኳስ ለግራ ዓይን በሚታየው ሥዕል ላይ፣ ለቀኝ ዓይን ከሚታየው 6.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ተወስዶ ተሥሏል። ከሁለቱ ዓይኖች ወደየኳሳቸው መሥመር ብንስብ መሥመሮቹ መካከል ላይ፣ በ1 ሜትር ይተላለፋሉ። አእምሮ ኳሱን የሚያየው እዚያ ነው። ሁለቱ ዓይኖችም ወደ 1 ሜትር ይዞራሉ። ብርሃኑ የሚመጣው ግን ከ2 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የዓይን ሌንስ ጥርት አድርጎ ለማየት በ2 ሜትር ላይ ማተኮር አለበት።

በተፈጥሮ እነዚህ ሁለት ሥራዎች አይለያዩም። ዓይኖቻችን ወደ 1 ሜትር ከዞሩ ሌንሱም በ1 ሜትር ላይ ያተኩራል። ስክሪኑ ግን አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይጎትታቸዋል። በ2008 በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህ ግጭት ዓይንን እንደሚያደክምና ሁለቱን ሥዕሎች አንድ ማድረጉንም እንደሚያስቸግር አሳይቷል። ዓይን የመድከሙ ምክንያት የተመልካቹ ስንፍና አይደለም።

በሌላ በኩል፣ የሁለቱ ኳሶች ርቀት ተቃራኒ ሆኖ፣ ማለትም የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ተለያይቶ 6.5 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ መሥመሮቹ ትይዩ ይሆናሉ፤ ኳሱም እጅግ ሩቅ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ዓይኖቹ ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ይገደዳሉ። የሕፃናት ዓይኖች ከአዋቂ ይልቅ የተቀራረቡ ስለሆኑ ለአባት የሚመቸው ሥዕል ለልጅ ላይመች ይችላል። የኒንቴንዶ አምራቾችም ዕድሜያቸው 6 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ጥልቀቱን እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቀው ነበር።

6. ሆሎግራምስ?

ግጭቱን ከሥሩ የሚያስወግደው ከዕቃው የሚመጣውን የብርሃን ሞገድ እንዳለ መልሶ መሥራት ነው። ይህ ሆሎግራም ይባላል። ሐሳቡን ያመጣው በሃንጋሪ የተወለደው ዴኒስ ጋቦር ነው፤ በ1948 አሳትሞት በ1971 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ሞገዱ እንዳለ ከተሠራ ዓይን ዕቃው ባለበት ቦታ ይዞራል፣ እዚያው ላይም ያተኩራል።

ፈሳሽ ክሪስታል በጥቃቅን ነጥቦች ተከፋፍሎ ሞገዱን በየነጥቡ ሊያዘገይ ስለሚችል የሚንቀሳቀስ ሆሎግራም ለመሥራት ይሞከርበታል። አስቸጋሪው የነጥቦቹ ስፋት ነው። አረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 0.53 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ነጥቦቹ 4 ማይክሮ ሜትር ቢራራቁ ብርሃኑን ሊመልሱት የሚችሉት በእያንዳንዱ ጎን 4 ዲግሪ ለማይሞላ ማዕዘን ነው። ተመልካቹ ራሱን ትንሽ ቢያንቀሳቅስ ሥዕሉ ይጠፋዋል። ማዕዘኑን እስከ መጨረሻው ለማስፋት ነጥቦቹ ወደ 0.25 ማይክሮ ሜትር መውረድ አለባቸው። 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትንሽ ስክሪን እንኳ በአንድ ጎን 400,000፣ በጠቅላላው 160 ቢሊዮን ነጥቦች ያስፈልጋሉ። 3840 በ2160 ነጥቦች ያሉት ጥሩ ቴሌቪዥን ያለው 8.3 ሚሊዮን ያህል ነው። ችግሩ የቱን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

7. ጥልቀቱ የማይታየው ተማሪ

እነዚህን ሙከራዎች በክፍል ስናደርግ «እኔ ልዩነት አይታየኝም» የሚል ልጅ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ ዓይኖቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የማያዩ፣ ወይም አንዱ ዓይኑ የደከመበት ልጅ በሁለት ዓይን የሚገኘውን ጥልቀት ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ከላይ እንደተናገርነው በመጋረድ፣ በመጠንና በእንቅስቃሴ ርቀትን ስለሚለይ ችግሩን ራሱም፣ ቤተሰቡም ሳያውቁት ይቆያሉ። ኳስ ሲቀልብ ይስታል፤ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል፤ ሲያነብ ራሱን ያዘነብላል ወይም አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛ ግን «ዝንጉ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

መምህር ሐኪም አይደለም። የእስክሪብቶው ሙከራም የሕክምና ምርመራ አይደለም፤ የሳተ ሁሉ ታመመ አይባልም። ነገር ግን ምልክቱ ሲደጋገም ልጁን በጓደኞቹ ፊት ሳናሳፍር ለብቻው እንጠይቀው፤ ወላጆቹንም በአክብሮት ጠርተን ወደ ዓይን ሕክምና እንዲወስዱት እንምከር። የደከመ ዓይን ሕክምናው በልጅነት ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ነው፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ማዳኑ ይከብዳል። አንድ ልጅ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳለ በየቀኑ የሚያየው አዋቂ ደግሞ መምህሩ ነው።

ስለዚህ ይህን ትምህርት ስናስተምር «ታያችሁ?» ብለን «አዎ!» የሚለውን የጋራ ጩኸት ብቻ አንቀበል። እያንዳንዱ ምን እንዳየ ይናገር፤ ወይም ይሣል። ያላየውን ያላየ ቢል ትክክለኛ መልስ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ተመልካቹ ከስክሪኑ 3 ሜትር ርቋል። የግራ ዓይን ኳስ ከቀኝ ዓይን ኳስ 6.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ነው። ኳሱ በስንት ሜትር ላይ ይታያል? ዓይንስ በስንት ሜትር ላይ ያተኩራል?

2. የነጥቦቹ ርቀት 0.2 ሚ.ሜ.፣ የዓይኖቹ ርቀት 65 ሚ.ሜ.፣ የመመልከቻው ርቀት 650 ሚ.ሜ. ቢሆን በግርዶሹና በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ይሆናል?

3. በሲኒማ ቤት አንድ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ምን ያያል? ጨርሶ ርቀት አይለይም ማለት ይቻላልን? በምሳሌ አስረዱ።

4. በፈሳሽ ክሪስታል በር ውስጥ ካሉት ሁለት ፖላራይዘሮች አንዱ ቢነሣ ምን ይሆናል? ለምን?

5. ይህን ትምህርት ለ7ኛ ክፍል ለማስተማር የ40 ደቂቃ ዕቅድ አዘጋጁ። በዕቅዱ ውስጥ የእያንዳንዱን ተማሪ መልስ ለብቻ የምትቀበሉበት ጊዜ መኖሩን አትርሱ።